አሳሳች የመድኃኒት ማስታወቂያ ሲገጥማችሁ እንዴት እንደምትጠቁሙ፦ ከስልካችሁ እስከ መዝገብ ቤት

«ዶክተር፣ ይሄ ነገር ይሠራል?»

ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ግን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሶ ከባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሁሉ ዶክተር ነው። ጥያቄው ሲመጣ ስልክ ይዘረጋልኛል። ስልኩ ላይ ያለው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ የቴሌግራም ፖስት ወይ የቲክቶክ ቪዲዮ፣ የኪኒን ፎቶ፣ «በ15 ቀን ውጤት»፣ «100% አስተማማኝ»፣ «ወደ ክፍለ ሀገር በመናኸሪያ እንልካለን»። ተዉት፣ ይጎዳችኋል ስላቸው ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል። «ታዲያ ዝም ነው የሚባሉት? ለማን ነው የሚነገረው?»

አንድ በአንድ ስመልስ ስለሰለቸኝ ጻፍኩት። ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ይሄንኑ ነው የምልከው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ። ተቆጣጣሪ አለ፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይባላል፣ ነፃ የስልክ መስመርም አለው። ግን «በቴሌግራም የውሸት መድኃኒት ይሸጣሉ» ብላችሁ ብትደውሉ ምን ያድርግላችሁ? የት፣ ማን፣ ምን መድኃኒት፣ መቼ የሚለው ከሌለ ሄዶ የሚያንኳኳው በር የለም። ስለዚህ ይሄ መመሪያ ባብዛኛው ስለ ማስረጃ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ካለ

ጥቆማው ይቆይ። ሰውዬውን ወደ ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ውሰዱት፣ የወሰደውንም ከነላስቲኩ ይዛችሁ ሂዱ።

በተለይ «የሚያወፍር ኪኒን» ተብሎ የተሸጠ ነገር ለሳምንታት ስትወስድ የቆየች ሰው ካለች በራሳችሁ ውሳኔ ባንድ ቀን አታስቁሟት። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ዴክሳሜታዞን ነው። ይሄ መድኃኒት ሲቆይ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን መሥራት ያቆማል። ድንገት ሲቋረጥ ድካም፣ ማስመለስ፣ የደም ግፊት መውረድ ይመጣል፣ ለሕይወት የሚያሰጋም አለ። እንዴት እየተቀነሰ እንደሚቆም የሚወስነው ሐኪም ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ስክሪንሹት የሚያነሳ ስልክ። ስክሪን ሪከርድ ካለው ደግሞ በጣም ጥሩ።
- ደብተርና እስክሪብቶ። ኔት የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ ሁሉን በስልክ ብቻ አትያዙ።
- መድኃኒቱ እጃችሁ ላይ ካለ፦ ማሸጊያው፣ ውስጡ ያለው ወረቀት፣ የቀረው ኪኒን፣ የመጣበት ፌስታል ሳይቀር።
- የተከፈለበት ማስረጃ፦ የባንክ ደረሰኝ ወይም ከ127 የመጣው የቴሌብር መልእክት።
- ለማመልከቻ 2 ነጭ ወረቀት። አንዱ ለእነሱ፣ አንዱ ለእናንተ።

ገንዘብ አያስፈልግም። «ማስረጃ እንዲሆነኝ» ብላችሁ መድኃኒቱን እንዳትገዙ! ሻጩን ታበረታታላችሁ፣ መድኃኒቱም ቤታችሁ ይገባና ልጅ ያገኘዋል።

ደረጃ 1። መድኃኒቱ የሐኪም ማዘዣ የሚጠይቅ መሆኑን አጣሩ

ይሄ የሚቀድመው ሥራችሁን በግማሽ ስለሚያቀልላችሁ ነው። በአገራችን በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ለሕዝብ ማስተዋወቅ ክልክል ነው። ማስታወቂያው እውነት ቢናገር እንኳን ክልክል ነው። መነሻው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 እና የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ናቸው። ስለዚህ «መድኃኒቱ አይሠራም» ብላችሁ መከራከር አይጠበቅባችሁም። «ማዘዣ የሚጠይቅ መድኃኒት ነው፣ ለሕዝብ እየተዋወቀ ነው» ካላችሁ ጉዳዩ ቆመ።

እንደ ፓራሲታሞል ያሉ ያለ ማዘዣ የሚሸጡትም ቢሆኑ እንደፈለጉ አይተዋወቁም፣ የተቆጣጣሪው ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። በዲሽ የአሜሪካ ቻናል የሚያይ ሰው «እነሱ በቲቪ ያስተዋውቁ የለ እንዴ» ይለኛል። አዎ፣ አሜሪካና ኒውዚላንድ ይፈቅዳሉ። የእኛ ሕግ አይፈቅድም።

ማዘዣ የሚጠይቁትን ሁሉ መደርደር አይቻልም፣ ግን ማስታወቂያ ላይ ደጋግመው የሚመጡት እነዚህ ናቸው፦

- አንቲባዮቲክ፣ አሞክሳሲሊንም ጭምር
- ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን («ለማወፈር»፣ «ለመገጣጠሚያ»)
- ክሎቤታሶል ያለበት ክሬም («ፊት የሚያጠራ»፣ «ማዲያት የሚያጠፋ»)
- ሲልደናፊል («ለወንዶች»)
- የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒቶች
- «ለክብደት መቀነሻ» የሚባሉ መርፌዎች፣ ኦዜምፒክን የመሳሰሉ
- ትራማዶልና ሌሎች ጠንካራ ማስታገሻዎች

ችግሩ ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ ስሙን አይጠራም። «የሚያወፍር ኪኒን» ብሎ ያልፋል። ይሄኔ በዚያው ቻት አንድ አጭር ጥያቄ ጻፉ፦ «የመድኃኒቱ ስም ምንድን ነው?» ከመለሰ ስክሪንሹት አድርጉት፣ ወርቅ ነው። ካልመለሰም «ስሙን ጠይቄ ሊነግረኝ ፈቃደኛ አልሆነም» የሚለውን መዝግቡ። ከዚያ በላይ ውይይት አትክፈቱ። ስሙን ካወቃችሁ ግን ማዘዣ የሚጠይቅ መሆን አለመሆኑን አቅራቢያችሁ ያለ ፋርማሲ ገብታችሁ ጠይቁ፣ ደቂቃ አይፈጅም።

ደረጃ 2። ማስታወቂያው ላይ አሳሳቹን ቃል ለዩ

ተቆጣጣሪው የሚያየው የእናንተን ንዴት ሳይሆን የማስታወቂያውን ቃል ነው። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ፣ ከነስህተቱ ገልብጣችሁ ጻፉት። «ውሸታሞች ናቸው» አይጠቅምም፣ «"ስኳርን ከሥሩ ነቅሎ ያጠፋል" ይላል» ግን ይጠቅማል።

የምትፈልጓቸው ምልክቶች፦

«ምንም የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» የሚል። ጉዳት የሌለው መድኃኒት የለም። ዴክሳሜታዞን ስኳርና ደም ግፊት ይጨምራል፣ ፊት ያሳብጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ተደብቆ የቆየ የሳንባ ነቀርሳም ሊቀሰቅስ ይችላል። ክሎቤታሶል ፊት ላይ ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል፣ ሲተዉት ደግሞ ፊቱ ቀልቶና ቡግር አውጥቶ ከበፊቱ ይብሳል። ሲልደናፊል ናይትሬት ለሚባል የልብ መድኃኒት ተጠቃሚ የደም ግፊቱን በአደገኛ ሁኔታ ይጥልበታል። ማስታወቂያው እነዚህን ሳይናገር ካለፈ ራሱ መተው ማሳሳት ነው። መዝግቡት።

«ከሥሩ ይነቅላል»፣ «እስከ ወዲያኛው ይፈውሳል» የሚል። በተለይ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለጉበት ቫይረስ፣ ለካንሰር። ይሄን አምኖ ኢንሱሊኑን የተወ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል።

አንድ መድኃኒት ለ10 በሽታ። ጨጓራ፣ ሪህ፣ ኪንታሮት፣ አስም፣ መካንነት፣ ሁሉንም በአንድ ጠርሙስ።

«ዶክተር እከሌ ያዘዙት» የሚልና የማንን ፈቃድ እንደያዘ የማይታወቅ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው። በፊትና በኋላ የሚል ጥንድ ፎቶም እንዲሁ። ፎቶው የሌላ አገር ሰው የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

«የባህል ነው፣ ቅጠል ብቻ ነው» የሚል ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ነፃ እንዳይመስላችሁ። የባህል የተባለው ውስጥ ዘመናዊ መድኃኒት ተፈጭቶ የሚደባለቅበት አጋጣሚ አለ። በአንድ ሌሊት የመገጣጠሚያ ሕመም ያጠፋ «ቅጠል» ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድን ነው።

ደረጃ 3። ማስረጃውን ያዙ (እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ)

ብዙ ጥቆማ የሚሞተው እዚህ ነው። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ከብቸና በኩል የመጣች እናት ነበረች። ልጇ ሠርግ ደርሶባታል፣ «ትንሽ ሥጋ ትልበስልኝ» ብላ በቴሌግራም ኪኒን አዘዘችላት። የመጣው በትንሽ ላስቲክ ነው። ስም የለው፣ ቀን የለው። ሁለት ዓይነት ኪኒን ተደባልቆ ላስቲኩ ላይ በእስክሪብቶ «ጧት 1 ማታ 1» ተጽፎበታል። የልጅቷ ፊት ክብ ሆኖ አብጦ ነበር። «ምንድን ነው ልጄ?» አለችኝ። ኪኒን በዓይን ብቻ አይለይም። ሆስፒታል ላክኋቸው፣ ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘ። በኋላ እናትየው ልትጠቁም ስትነሳ ምንም የለም። በንዴት ሻጩን ሰድባ፣ ቻቱን አጥፍታ፣ ብሎክ አድርጋዋለች። የቻናሉን ስም እንኳን አታስታውሰውም። የታሪኩን ፍጻሜ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

እናንተ እንዲህ አድርጉ፦

*በቴሌግራም ከሆነ።* ፖስቱን ብቻ ሳይሆን የቻናሉን መግቢያ ገጽ ስክሪንሹት አድርጉ። በ@ የሚጀምረው ዩዘርኔም፣ የአባላቱ ቁጥርና የተጻፈው ስልክ አብረው ይታዩ። ፖስቱን ተጭናችሁ «ኮፒ ሊንክ» በሉ፣ ሊንኩን ለራሳችሁ ሴቭድ ሜሴጅ ላይ አስቀምጡ። ለምን ሁለቱንም? የቻናሉ የላይኛው ስም በማንኛውም ሰዓት ይቀየራል፣ ዛሬ «የጤና ምክር» የነበረው ነገ «የውበት ዓለም» ይሆናል። ሊንኩ ግን የትኛው ፖስት እንደሆነ ያሳያል። ሊንኩ ብቻውን ደግሞ አይበቃም፣ ፖስቱ ከጠፋ ባዶ ይከፍታል።

*በቲክቶክ ወይ በፌስቡክ ከሆነ።* ቪዲዮውን በስክሪን ሪከርድ ቅዱት፣ የአካውንቱን ገጽም። ላይቭ ከሆነ ወዲያው ነው፣ ካለቀ አታገኙትም። ኮሜንት ላይ «ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀና ሻጩ የመለሰለት ካለ እሱንም ያዙ፤ «እኔ ምክር ነው የሰጠሁት፣ አልሸጥኩም» እንዳይል የሚያደርገው እሱ ነው።

*በሬዲዮ ወይ በቴሌቪዥን ከሆነ።* የጣቢያው ስም፣ ሞገዱ፣ የፕሮግራሙ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ። ሰዓት ስትጽፉ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን በግልጽ አስፍሩ፦ «ከምሽቱ 2:30»። ስልካችሁ ያንኑ ሰዓት 20:30 ብሎ ነው የሚያሳየው። ቀኑንም እንደዚሁ፣ ስክሪንሹቱ ላይ የሚታየው የፈረንጅ ስለሆነ ከጎኑ በኢትዮጵያ ጻፉበት። ቀላል ይመስላል፤ ግን ቅጂውን የሚፈልገው ሰው 6 ሰዓት ተሳስቶ ሌላ ፕሮግራም ሲያዳምጥ ሊውል ይችላል። ማስታወቂያው የጤና ፕሮግራም መስሎ የሚቀርብበትም አለ፦ ጋዜጠኛው ይጠይቃል፣ «ባለሙያው» ይመልሳል፣ መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥር ይነበባል። ስልክ ቁጥሩ የተነበበበትን ደቂቃ ያዙ።

*በገበያ ቀን በሞንታርቦ ከሆነ።* መኪና ካለ ታርጋውን፣ የቆመበትን ቦታ፣ ሰዓቱን ያዙ። በስልክ ድምፁን ከራቅ ብላችሁ ቅዱ። ይሄኛው ብቻ ከሌላው ይለያል፦ ማመልከቻ እስክትጽፉ አትጠብቁ፣ እዚያው ቆማችሁ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደውሉ። ዛሬ ደንበጫ ያለው ሰው ነገ ቡሬ ነው።

*ፋርማሲ ወይ ክሊኒክ በር ላይ የተለጠፈ ከሆነ።* ከውጭ ሆናችሁ ፎቶ አንሱ፣ የድርጅቱ ስምና ሰፈሩ እንዲታይ። ውስጥ ገብታችሁ ታካሚ አታንሱ።

በፖስታ ወይ በመኪና የመጣ ዕቃ ካለ የላኪው ስምና ስልክ የተጻፈበትን ካርቶን አትጣሉ። በመናኸሪያ ሲመጣ ደግሞ «ታርጋው ይሄ ነው፣ ረዳቱን በዚህ ስልክ አግኘው» የሚል መልእክት ይደርሳችኋል። እሱ መልእክት ሻጩ ቻናሉን ቢዘጋ እንኳን አይጠፋም።

ደረጃ 4። እሽጉ ካለ አንብቡት

ሕጋዊ መድኃኒት ስሙ፣ መጠኑ፣ የአምራቹ ስም፣ የባች ቁጥሩ (አብሮ የተመረተው ምርት መለያ)፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበታል። እነዚህን በሙሉ ወደ ደብተራችሁ ገልብጡ፣ ፎቶም አንሱ። የባች ቁጥሩን አትርሱ፤ ተቆጣጣሪው አንድን ምርት ከገበያ ለመሰብሰብ የሚከተለው እሱን ነው።

አገር ውስጥ የተመዘገቡ መድኃኒቶች ዝርዝር የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፣ መፈለግ ትችላላችሁ። አጥታችሁት ግን «ሕገወጥ ነው» ብላችሁ አትደምድሙ፣ የንግድ ስሙን በአንድ ፊደል ስታችሁ ሊሆን ይችላል። «በዝርዝሩ ላይ አላገኘሁትም» ብላችሁ ብቻ ጻፉ።

መርፌ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ፦ በምን ሁኔታ መጣ? ኢንሱሊንም ሆነ ኦዜምፒክ ከመከፈታቸው በፊት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጡት። በአባይ በረሃ ሙቀት አውቶብስ ዕቃ መጫኛ ውስጥ የመጣ እስክሪብቶ መርፌ፣ እውነተኛው ቢሆን እንኳን ከመድኃኒትነቱ የቀረው ጥቂት ነው። ሐሰተኛው ደግሞ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 በፈረንጆች ስለ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ደረጃ 5። የት እንደምትሄዱ ምረጡ

የተሳሳተ ቢሮ ከሄዳችሁ «የእኛ አይደለም» ይሏችሁና እናንተም ተስፋ ቆርጣችሁ ትተዉታላችሁ። እኔ የምነግራቸው እንዲህ ነው፦

1. በኦንላይን የሚተዋወቅ፣ ወይም ሻጩ የት እንዳለ የማይታወቅ፦ ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ በነፃ መስመር 8482።
2. እዚሁ ከተማ ያለ ፋርማሲ፣ መድኃኒት መደብር፣ ክሊኒክ ወይም የገበያ ሻጭ፦ የወረዳው ወይም የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት። እዚያ «ሬጉላቶሪ» ወይም «ተቆጣጣሪ» የሚባሉ ባለሙያዎች አሉ፣ በስም ጠይቋቸው። መልስ ካጣችሁ ወደ ዞን ጤና መምሪያ፦ ለምሥራቅ ጎጃም ደብረ ማርቆስ፣ ለምዕራብ ጎጃም ፍኖተ ሰላም። ከዚያ በላይ ባሕር ዳር የክልሉ ጤና ቢሮ ነው።
3. በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተላለፈ፦ ለ8482 ንገሩ፣ በተጨማሪ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን። ጣቢያውን የሚጠይቀው እሱ ነው።
4. ገንዘብ ተቀብሎ የጠፋ ካለ፦ ይሄ ማታለል ነው፣ ፖሊስ ጋ። የመድኃኒቱን ጉዳይ ግን ለፖሊስ ብቻ ነግራችሁ አትቅሩ።

ሁለት ቦታ መጠቆም ችግር የለውም። ለየትኞቹ እንደጠቆማችሁ በሁለቱም ላይ ጻፉ፣ እንዳይጋጩ።

ደረጃ 6። ደውሉ፣ ወይም ጻፉ

ስትደውሉ ደብተራችሁን ከፍታችሁ ነው። ቅደም ተከተሉ፦ ምን መድኃኒት፣ ማስታወቂያው ምን ይላል፣ የት ታየ፣ መቼ፣ የሻጩ ስልክ። ታሪኩን ከሠርጉ አትጀምሩ። ያነሳው ሰው ስሙን ከነገራችሁ ስሙን፣ የደወላችሁበትንም ሰዓት ጻፉ።

ለወረዳ ግን ወረቀት ይሻላል። በቃል የተነገረ በቃል ይቀራል። አጻጻፉ ይሄን ይመስላል፣ ክፍት ቦታውን ሙሉት፦

> ቀን፦ ………
> ለ……… ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት
> ጉዳዩ፦ በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ለሕዝብ ስለመተዋወቁ ጥቆማ ማቅረብን ይመለከታል
>
> በርእሱ እንደተገለጸው ……… የተባለ መድኃኒት በ……… (የቻናሉ ስምና ዩዘርኔም / የድርጅቱ ስምና አድራሻ) በ……… ቀን ከ……… ሰዓት ጀምሮ ለሕዝብ ሲተዋወቅ አይቻለሁ። ማስታወቂያው «………» ይላል። የሻጩ ስልክ ……… ነው። ስክሪንሹት ……… ገጽ፣ የክፍያ ማስረጃ ……… ገጽ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።
>
> ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ ጉዳዩን አጣርቶ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ እያመለከትኩ ውጤቱም እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

ከአንድ ገጽ አይበልጥ። ስለ ሻጩ ጠባይ፣ ስለ ዘመኑ ክፋት፣ ስለ መንግሥት ዝምታ አትጨምሩ፤ ጉዳዩ እዚያ ውስጥ ይሰምጣል።

ስማችሁ እንዳይታወቅ ከፈለጋችሁ ስትደውሉ ገና መጀመሪያ ላይ ንገሯቸው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሻጩ የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ይገባኛል። እንዲህ ሲሆን ከወረዳው ይልቅ 8482 ይሻላችኋል።

ደረጃ 7። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ

ይሄን ሰው ይዘለዋል። ማመልከቻውን ለባለሙያው በእጅ ሰጥታችሁ አትውጡ። መዝገብ ቤት ውሰዱት፣ በእናንተ ቅጂ ላይ «ገቢ» የሚል ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ይደረግበት። በ2 ሳምንቱ ስትመለሱ «የትኛው ጥቆማ?» ሲሏችሁ የምትዘረጉት እሱን ነው። ባለሙያው መስክ ቢወጣ፣ ቢዛወር፣ ወረቀቱ በቁጥሩ ይፈለጋል።

ደረጃ 8። ጉዳት ካለ ቢጫውን ቅጽ አስሞሉ

መድኃኒቱ ሰው ከጎዳ ከማስታወቂያው ጥቆማ የተለየ ሌላ ሪፖርት አለ። የጤና ባለሙያዎች ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ የመድኃኒት ጉዳት የሚያሳውቁበት ቢጫ ቅጽ ነው። ያከማችሁን ሐኪም ወይ ፋርማሲስት «ቢጫውን ቅጽ ይሙሉልኝ» በሉ። «ሜድ ሴፍቲ» የሚባለው የስልክ መተግበሪያም ለዚሁ ያገለግላል። ለምን ሁለት ሪፖርት? የማስታወቂያው ጥቆማ ሻጩን ይመለከታል፣ ቢጫው ግን መድኃኒቱን። አንዱ ያንዱን አይተካም።

ደረጃ 9። ለቴሌግራምና ለቲክቶክም ሪፖርት አድርጉ፣ ግን መጨረሻ ላይ

ፖስቱ ላይ «ሪፖርት» የሚለውን መጫን ነው። መጨረሻ ላይ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ቴሌግራም ወይ ቲክቶክ ፖስቱን ካጠፋው ተቆጣጣሪው የሚያየው የለም። መጀመሪያ ማስረጃው በእጃችሁ፣ ጥቆማው መዝገብ ላይ፣ ከዚያ ሪፖርት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

*«ተጠንቀቁ!» ብሎ ማስታወቂያውን ሼር ማድረግ።* ለሻጩ በነፃ አስተዋወቃችሁለት። ስልኩ እኮ ፎቶው ላይ አለ። የግድ ማስጠንቀቅ ካለባችሁ ስልኩንና ስሙን ሸፍኑ፣ ቤተሰብ ግሩፕ ላይም ቢሆን።

*ሻጩን ማስፈራራት።* «ልከስህ ነው» ስትሉት ቻናሉን ዘግቶ በሌላ ስም ይከፍታል። የሚያውቀው ካለ ደግሞ ጠብ ነው።

*የሻጩን ስምና ፎቶ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ።* ተሳስታችሁ ከተገኛችሁ በስም ማጥፋት የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

*የታመመውን ሰው ስም ማውጣት።* ማመልከቻው ላይ «አንዲት የቤተሰብ አባል» ይበቃል። ዝርዝሩ ሐኪሙ ጋ ነው።

*ኪኒኑን ሽንት ቤት መጣል።* ማስረጃ ነው፣ ምርመራም ሊፈለግበት ይችላል። ከነላስቲኩ ልጅ በማይደርስበት አስቀምጡት፣ ላስቲኩ ላይ «አይወሰድም» ብላችሁ ጻፉበት። ካስረከባችሁት ደግሞ ስንት ፍሬ እንደሰጣችሁ ጽፋችሁ አስፈርሙ።

*ስክሪንሹቱን መቁረጥ።* ለማሳመር ብላችሁ ዳርዳሩን አትቁረጡት፣ ሰዓቱና የቻናሉ ስም ያሉት ዳር ላይ ነው። ቀይ ክብ ለማድረግ ከፈለጋችሁ ቅጂው ላይ አድርጉ፣ ዋናው ሳይነካ ይቆይ።

*ቻቱን ማጥፋት።* የብቸናዋ እናት ስህተት ይሄ ነበር። እኛ ጋ ተቀምጣ ስልኳን ስንበረብር ቴሌግራሙ ላይ ምንም አላገኘንም። ቴክስት መልእክቷን ስንከፍት ግን ከ127 የመጣው አለ፦ የተላከው ብር፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተቀባዩ ስም። ከታች ደግሞ የረዳቱ ስልክና ታርጋ ያለበት አጭር መልእክት። ሁለቱን ስክሪንሹት አድርገን፣ ላስቲኩን ፎቶ አንስተን፣ ማመልከቻውን እዚያው ባንኮኒው ላይ ጻፍንላት። በማግሥቱ ገቢ ቁጥር ይዛ መጥታ አሳየችኝ። ቅጂውን አጣጥፋ መታወቂያዋ ሽፋን ውስጥ ነው የምታስቀምጠው።